ያለ ግንብ የታጠረችው መንደር

የአንድን አገር ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚያቀናው ወደ ታላላቅ ከተሞች፥ ወደ ነገሥታት አደባባይና ወደ ጦር ሜዳ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የሰው ልብ የሚፈተንበት ስፍራ ሁልጊዜ አደባባይ አይደለምና፥ አንዳንድ ጊዜ ከብዙ መጻሕፍት የሚበልጥ ትምህርት በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ተሰውሮ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ያለችው ኢም የተባለችው መንደር ከእንደነዚህ ያሉት ስፍራዎች አንዲቱ ናት። ንጉሥ አልነገሠባትም፤ ጦር ድል አላደረገባትም። ሆኖም ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሕዝቧ በቸነፈር ሲያልቅ፥ ሞቱን ተሸክሞ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ በገዛ ቃሉ ራሱን ስለ ዘጋ፥ ስሟ እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የአገሩ መልክ

ኢም የምትገኘው በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ክፍል በደርቢሸር ግዛት ነው። በብረት ሥራዋ ከታወቀችው ከሼፊልድ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ በቀጥታ ቢለካ ከ20 ኪሎ ሜትር አትርቅም። ዙሪያዋ ፒክ ዲስትሪክት እየተባለ የሚጠራው ኮረብታማ አገር ነው፤ ይህም ምድር በ1951 በብሪታንያ ከሁሉ አስቀድሞ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በሕግ የተከለለ ነው። የመንደሯ ነዋሪ ቁጥር ዛሬም ከ1,000 ያነሰ ነው።

መንደሯ የተቀመጠችው በሁለት ዓይነት ድንጋይ ወሰን ላይ ነው። በስተ ሰሜን በኩል ሻካራና ጠቆር ያለ የአሸዋ ድንጋይ ገደል እንደ ጀርባ ቆሞላታል፤ ከገደሉም በላይ ዛፍ የሌለበት ነፋሻ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰር ዊልያም የተባለው ኮረብታ 429 ሜትር ይደርሳል። በስተ ደቡብ ያለው ግን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውኃ በብዙ ሺህ ዓመታት የቦረቦረው ስለሆነ ጥልቅ ሸለቆዎችና ዋሻዎች ይገኙበታል። በዚሁ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ስላለ የአውራጃው ሰዎች ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ስለዚህ የኢም ሰው በአንድ ወገን በግ አርቢና አራሽ፥ በሌላ ወገን ማዕድን ቆፋሪ ነበረ። በየመስኩ መካከል ወሰን ሆኖ የሚታየው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ እየተነባበረ የተሠራው ረጅም ካብ ነው።

በመንደሯ መካከል ለሰማዕቱ ለቅዱስ ሎሬንስ መታሰቢያ የተሰየመ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በግቢው ውስጥ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ታላቅ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ከቋሚው ላይኛው ክፍል ጥቂቱ ቢጠፋም የመላእክት ሥዕልና ሐረግ የመሰለው ቅርጽ ገና በግልጥ ይታያል። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ በ1775 የተሠራ የፀሐይ ሰዓት ተሰቅሏል፤ የመንደሯን ሰዓት ብቻ ሳይሆን በሩቅ አገር ባሉ ከተሞች ቀትር የሚሆንበትን ጊዜ ጭምር እንዲያመለክት ሆኖ የተቀመረ በመሆኑ፥ በዚያ ዘመን በገጠር የነበረውን የዕውቀት ፍቅር ይመሰክራል። አና ሴዋርድ የተባሉት የታወቁ ባለቅኔም በ1742 የተወለዱት በዚችው መንደር ነው፤ አባታቸው በዚያ የደብሩ አስተዳዳሪ ነበሩ።

እነሆ ይህን ሁሉ የመሰለ ቅርስ ያለባቸው መንደሮች በእንግሊዝ አገር ብዙ ናቸው። ኢምን ከሌሎቹ የለያት ግን በ1665 እና በ1666 ያለፈባት መከራና መከራውን የተቀበለችበት ሁኔታ ነው።

በጨርቅ የመጣ ሞት

በ1665 በለንደን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ገብቶ ነበር። በከተማዪቱ መዝገብ የተጻፉት ሟቾች ብቻ ወደ 70,000 ይጠጋሉ፤ ሳይጻፉ የቀሩት ቢጨመሩ ቁጥሩ 100,000 ሳይደርስ እንደማይቀር ይገመታል። ኢም ግን ከለንደን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ስለሆነች፥ ሕዝቧ ወሬውን ይሰማ ነበር እንጂ መቅሠፍቱ ከደጁ ይደርሳል ብሎ አላሰበም።

በዚያው ዓመት በበጋው መጨረሻ ላይ በመንደሯ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ከለንደን አንድ ሣጥን ጨርቅ ተላከ። ሣጥኑን የፈታው ጆርጅ ቪካርስ የተባለው ረዳቱ ነበረ። ጨርቁ ርጥብ ሆኖ ስላገኘው እንዲደርቅ ከእሳት ዳር ዘረጋው። በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ቁንጫ እንደ ነበረ፥ ቁንጫውም የቸነፈሩን መርዝ እንደ ያዘ በዚያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው በዓለም ሁሉ አልነበረም። ቪካርስ ከጥቂት ቀን በኋላ ታመመ፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1665 ተቀበረ። ከእርሱም በኋላ በዚያው ቤት ይኖር የነበረው የቤቲቱ እመቤት ልጅ ኤድዋርድ ኩፐር ሞተ፤ ገና ትንሽ ልጅ ነበረ። ከዚያ ወዲያ ሞት ከቤት ወደ ቤት፥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተሻገረ።

በሽታው በብብትና በጉያ ንፍፊት እያወጣ፥ ብርቱ ትኩሳትና ራስ ምታት እያመጣ፥ ብዙውን ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ የሚገድል ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቅዝቃዜው ጥቂት ስላበረደው ሕዝቡ ያለፈለት መስሎት ነበር። ነገር ግን የ1666 ጸደይ አልፎ ሙቀት ሲመጣ መቅሠፍቱ ከቀድሞው በሚበልጥ ኃይል ተነሣ። በዚያን ጊዜ የሰው ሁሉ አሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ጓዝን ጠቅልሎ መሸሽ ነው። አቅም ያላቸው ጥቂቶች ቀድመው ሄደው ነበር። የቀሩትም ቢሸሹ ማን ይፈርድባቸዋል? ልጁን ከሚነድ ቤት ይዞ የሚወጣ አባት ተወቅሶ አያውቅም። ሆኖም ከኢም የሚወጣው ሰው እሳቱን በልብሱ ይዞ የሚወጣ ነበር፤ በዙሪያውም ሼፊልድ፥ ቤክዌልና ሌሎችም ከተሞችና መንደሮች ነበሩ።

ሁለቱ ቄሶች

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ካትሪንና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ወደ ኢም የመጡት በ1664 ነው። ስለዚህ ቸነፈሩ ሲገባ በመንደሯ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ሕዝቡ ገና አልለመዳቸውም፤ ይልቁንም ከቀድሞው ቄስ ጋር እያስተያየ ይመለከታቸው ነበር።

የቀድሞው ቄስ ቶማስ ስታንሊ ነበሩ። የእኒህን ሰው ነገር ለማስተዋል የዘመኑን ጠብ ማስታወስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር በንጉሡና በፓርላማው መካከል ጦርነት ተነሥቶ በ1649 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በሞት ከተቀጡ በኋላ፥ አገሩ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ንጉሥ ኖረ። በ1660 ንጉሥነት ሲመለስ የቤተ ክርስቲያኑም ሥርዓት ተመለሰ፤ በ1662 በወጣው ሕግም አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ አንቀበልም ያሉ ቄሶች ሁሉ ከአገልግሎት ተወገዱ። ስታንሊ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በ1665 ደግሞ የተወገዱት ሰባኪዎች በሕግ የታዘዘውን መሐላ ካልፈጸሙ ቀድሞ ካገለገሉበት ደብር ቢያንስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እንዲኖሩ የሚያዝዝ ሌላ ሕግ ወጣ። ስታንሊ ግን ከሚወዷቸው ሰዎች አልራቁም፤ በኢም ኖሩ።

እንግዲህ በአንዲት ትንሽ መንደር ሁለት ቄሶች ተገናኙ፤ አንዱ መንበሩን የያዙ፥ ሁለተኛው መንበሩን ያጡ። ስታንሊ ሞምፐሰንን እንደ ቀማኛ፥ ሞምፐሰንም ስታንሊን እንደ ሕገ ወጥ ሰው ቢመለከቱ በዘመኑ ማንም አይደነቅም ነበር። ለብዙ ዓመት ደም ያፋሰሰው ጠብ ይህ ነበርና። ሕዝቡም ለሁለት የተከፈለ ነበረ፤ ሞምፐሰን ብቻቸውን ቢናገሩ ከሕዝቡ እኩሌታው ባልሰማቸው ነበር። ወጣቱ አስተዳዳሪ ይህን አወቁ፤ ወደ ሽማግሌውም ዘንድ ሄደው ተማከሩ። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የተሠራው በዚያ ምክር ላይ ነው። የኢም ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መንደሯ መዘጋት ነው። ነገር ግን ከመንደሯ በር መዘጋት በፊት በሁለት ሰዎች መካከል የነበረው በር መከፈቱ መዘንጋት የለበትም።

የተስማሙባቸው ሦስት ነገሮች

በ1666 በጁን ወር ሁለቱ ቄሶች ከሕዝቡ ጋር በሦስት ነገር ተስማሙ።

አንደኛው፥ ሙታን በቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር መቀበራቸው እንዲቀርና እያንዳንዱ ቤተሰብ ሟቹን በራሱ እርሻ ወይም በጓሮው ፈጥኖ እንዲቀብር ነው። ይህ ለእኛ ለአንባቢዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፍ ነው፤ ለአንድ አማኝ ሕዝብ ግን ከባድ ትእዛዝ ነበረ። አባትን ያለ ደወል፥ ያለ ለቀስተኛ፥ ከአያት ቅድመ አያት መቃብር ለይቶ በእርሻ ማሳ ወይም በበግ መሰማሪያ መቅበር ልብን የሚሰብር ነገር ነው።

ሁለተኛው፥ ሰዎች በጠባብ ስፍራ ተጨናንቀው እንዳይቀመጡ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲዘጋና ጸሎቱ በሜዳ እንዲሆን ነው። ለዚህም ከመንደሯ አጠገብ ያለው ኩክለት ዴልፍ የተባለው ሸለቆ ተመረጠ። ሸለቆው በኖራ ድንጋይ መካከል የተከፈተ አረንጓዴ ስፍራ ነው፤ በአንድ ወገን ቅስት የመሰለ ዋሻ አለበት። ቄሱ በዋሻው አፍ ቆመው ያስተምሩ ነበር፤ ሕዝቡም ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ በሣሩ ላይ ይቆም ነበር። በየሰንበቱ የቆመው ሰው ቁጥር እየቀነሰ፥ በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ እየሰፋ መሄዱን አንባቢ በልቡ ይሳለው።

ሦስተኛውና ታላቁ፥ ከተወሰነው ወሰን ማንም እንዳይወጣ፥ ከውጭም ማንም እንዳይገባ ነው። ወሰኑ ግንብ አልነበረም፤ ጉድጓድም አልተቆፈረም፤ በመንገዱም ላይ የንጉሥ ወታደር አልቆመም። በጥቂት ስፍራ የተተከሉ ድንጋዮችና አንዲት ምንጭ ብቻ ነበሩ። የደቨንሸር ኤርል ከዚያ ብዙ በማይርቀው በቻትስወርዝ ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ምግብና መድኃኒት ይልኩ ነበር፤ የጎረቤት መንደሮችም እህል እያመጡ በወሰኑ ላይ አኑረው ይሄዱ ነበር። የኢም ሰዎች የሚገዙትን ነገር ዋጋ የሚያስቀምጡት ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የወሰን ድንጋይ ነበር። በድንጋዩ ላይ ስድስት ጉድጓዶች ተፈልፍለዋል፤ ጉድጓዶቹም ኮምጣጤ ይሞላባቸው ነበር። ገንዘቡ በኮምጣጤው ውስጥ ተነክሮ ይቆያል፤ ሻጩም መጥቶ ያነሣዋል። በስተ ሰሜን በኩል ደግሞ ዛሬ የሞምፐሰን ምንጭ ተብሎ በሚጠራው ውኃ ውስጥ ገንዘብ ይጣል ነበር፤ ወራጁም ውኃ ያጥበው ነበር።

በሥራ ላይ ሁሉም ሰው ጽኑ ነበረ ማለት አይደለም። አንዲት ሴት ከወሰኑ ወጥታ ወደ ታይድስዌል ገበያ ሄዳ ሳለች ከኢም መምጣቷ ቢታወቅ ሰዎች ጭቃ እየወረወሩ እንዳባረሯት ይነገራል። የሼፊልድም ሰዎች ዘብ አቁመው እንግዳ ይከለክሉ ነበር። ማንም ቢሆን በፍርሃት ላይ ፈጽሞ አልሠለጠነም። ነገር ግን ከጥቂቶች በቀር ሕዝቡ ቃሉን ጠበቀ።

መራራው ኦገስት

በጁላይ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በኦገስት ደግሞ ከ70 በላይ። ዛሬ ኢምን የሚጎበኝ ሰው ከመንደሯ ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ ራይሊ የተባለውን ስፍራ ያያል። በዚያ በክብ የድንጋይ ካብ የታጠረ፥ ጥቂት የመቃብር ድንጋዮች የቆሙበት መስክ አለ። በአጠገቡ በነበረው የእርሻ ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ በኦገስት 1666 በስምንት ቀን ውስጥ ባላቸውንና ስድስት ልጆቻቸውን ቀበሩ። የሚረዳቸው ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ሁሉ በፍርሃት ርቆ ነበርና መቃብሩን የቆፈሩት፥ ሬሳውንም ጎትተው ያመጡት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በሸለቆው ማዶ ያሉት የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከሩቅ ቆመው ይመለከቱ ነበር ይባላል። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ራሳቸው በበሽታው አልተያዙም። በኋላም በሼፊልድ የእጅ ሥራ ይማር ወደ ነበረው በሕይወት ወደ ቀረው ልጃቸው ሄዱ። ስፍራውን ዛሬ የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የተባለው የአገሩ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ነው።

ማርሻል ሃው የተባለ ብርቱ ሰው ደግሞ ታምሞ ከዳነ በኋላ ዳግመኛ አልያዝም ብሎ፥ ቀባሪ ያጡትን ሬሳዎች መቅበር ሥራው አደረገ። ለድካሙም ከሟቾቹ ቤት ዕቃ ይወስድ ነበር። ነገር ግን ሚስቱና ትንሹ ልጁ በዚያው ቸነፈር ሞቱበት፤ የሌሎችን እንደ ቀበረ የራሱንም ቀበረ። የዕቃው ነገር ምን ያህል እንደ ከበደው የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው።

የሁለት መንደር ወጣቶች የነበሩት የኤሞት ሲዳልና የሮላንድ ቶር ነገርም እስከ ዛሬ ይተረካል። ኤሞት የኢም ልጅ ነበረች፤ ሮላንድ የስቶኒ ሚድልተን ልጅ። በሽታው እንዳይተላለፍ በሸለቆው ወዲህና ወዲያ ቆመው በዓይን ብቻ ይተያዩ ነበር ይባላል። በ1666 በጸደይ ኤሞት መምጣቷን ተወች። እርሱ ግን ቀኑ እስኪፈቀድ ድረስ እየመጣ ይጠብቅ ነበር፤ ወሰኑ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገብቶ መሞቷን ሰማ።

በአስተዳዳሪውም ቤት ኀዘን ገባ። ቄስ ሞምፐሰን ሁለቱን ልጆቻቸውን ወሰኑ ሳይዘጋ ወደ ዮርክሸር ልከዋቸው ነበር፤ ባለቤታቸውም አብረው እንዲሄዱ ቢለምኗቸው፥ ወይዘሮ ካትሪን ባላቸውንና ሕዝቡን ትተው ለመሄድ እንቢ አሉ። ከባላቸው ጋር ሆነው በሽተኞችን ሲጎበኙ ሰነበቱ። በኦገስት 25 ቀን 1666 እርሳቸውም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው በቸነፈሩ ሞቱ። ቄሱ ከዚያ በኋላ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ራሳቸውም በቶሎ እንደሚሞቱ አስበው ለልጆቻቸው ስለ እናታቸው ደግነት ጽፈዋል። ነገር ግን እርሳቸው በሕይወት ቀሩ፤ የባለቤታቸው መቃብር በግቢው ከጥንቱ መስቀል አጠገብ ይታያል።

የመጨረሻው ሰው የሞተው ኖቬምበር 1 ቀን 1666 ነው። በ76 ቤተሰብ ውስጥ ወደ 260 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ልብሱና የቤቱ ዕቃ ብዙው ተቃጠለ። ቸነፈሩ ግን ከኢም አልፎ በዙሪያዋ ባሉት መንደሮችና ከተሞች አልተዛመተም።

ሊቃውንት የሚከራከሩበት

እውነትን የሚወድ አንባቢ በታሪኩ ውስጥ ያለውንም ጥያቄ መስማት ይገባዋል። የመንደሯ ታሪክ ብዙው ክፍል ተሟልቶ የተጻፈው ዘግይቶ ነው፤ ዊልያም ዉድ የተባሉ የኢም ሰው በ1842 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚነገረውን አብዛኛውን ነገር አስፋፍቷል። ስለዚህ በአፍ የመጣውና በመዝገብ የተጻፈው አንዳንድ ጊዜ ተቀላቅሏል። ቀድሞ የመንደሯ ሕዝብ 350 ነበረ፥ ከእርሱም የተረፈው 83 ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት ሕዝቡ ወደ 700 ይደርስ እንደ ነበር ይናገራሉ። ይህም ቢሆን ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ሞቷል ማለት ነው።

ሌላው ጥያቄ መዘጋቱ ጠቃሚ ነበር ወይስ ጎጂ የሚለው ነው። የቸነፈሩን ተውሳክ በ1894 አሌክሳንደር የርሲን የተባሉ ሐኪም በሆንግ ኮንግ አገኙ፤ በ1898 ደግሞ ፖል ልዊ ሲሞን የተባሉ ሌላ ሐኪም በሽታው በአይጥ ቁንጫ እንደሚተላለፍ አስረዱ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች፥ በሽታው ከአይጥ የሚመጣ ከሆነ ሰውን ከአይጥ ጋር ዘግቶ ማኖር ስሕተት ነበር ሲሉ ኖረዋል። ነገር ግን በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የኢምን የሞት መዝገብ ቀን በቀን መርምሮ፥ ከታመሙት ሰዎች አራት እጅ ሦስቱ ያህል በሽታውን ያገኙት ከሌላ ሰው ነው ሲል ገምቷል፤ ይኸውም በትንፋሽ ወይም በሰው ላይ በሚገኙ ቁንጫና ቅማል ማለት ነው። ይኸው ጥናት ልጆችና ድኾች ከሁሉ የበለጠ እንደ ተጎዱ አመልክቷል። እንዲህ ከሆነ ሰዎች ተራርቀው በሜዳ መጸለያቸውና ከወሰኑ አለመውጣታቸው ሌላውን ሕዝብ ለማዳን የረዳ ነገር ነበር።

ስለ ፈቃዳቸውም የሚጠይቁ አሉ። ባለጠጎቹ ቀድመው ስለ ሄዱ የቀረው ድኻው ነው፤ ድኻው ደግሞ መሸሻ ስላልነበረው ቀረ እንጂ ፈቅዶ አይደለም ይላሉ። በዚህ ነገር እውነት አለበት። ሆኖም መሸሻ የሌለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በሌሊት በዱር በገደል ሊወጣ ይችላል። ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቃል ያኖረው ዘብ ብቻ ሊሆን አይችልም። ቄሶቻቸው ከእነርሱ ጋር መቅረታቸውን፥ የአስተዳዳሪው ሚስት ሄደው ለመዳን ሲችሉ በመካከላቸው መሞታቸውን ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። ራሱ በማይፈጽመው ነገር ሌላውን የሚያዝዝ ሰው እንዲህ ያለ መታዘዝ አያገኝም።

ከዚያ በኋላ

ቄስ ስታንሊ በኢም ኖረው በ1670 ሞቱ። ቄስ ሞምፐሰን ኢክሪንግ ወደ ተባለች በኖቲንግሃምሸር ወዳለች ደብር ተዛወሩ። በዚያ ያሉ ሰዎች ግን ከቸነፈሩ አገር የመጡ ናቸው ብለው ስለ ፈሩ መጀመሪያ ወደ መንደራቸው አላስገቧቸውም ነበር ይባላል፤ ስለዚህ ከመንደሩ ውጭ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ያስተምሩ ነበር። ሕዝብን ከሞት ለመጠበቅ ራሳቸውን የዘጉት ሰው ሞትን እንደሚያመጣ ሰው ተቆጠሩ። ይህን በትዕግሥት ተቀብለው በዚያ አገልግለው በ1709 ዐረፉ።

የኢም ሰዎች የአባቶቻቸውን መከራ አልረሱም። በየዓመቱ በኦገስት ወር የመጨረሻው እሑድ የቸነፈር እሑድ ተብሎ ይከበራል፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ወደ ኩክለት ዴልፍ ይወርዳል፥ በዚያው ሸለቆ ጸሎት ያደርሳል። በዚያው ሰሞን በደርቢሸር ልማድ ምንጮች ይሸለማሉ፤ በሰሌዳ ላይ ርጥብ ሸክላ አፈር ተለስኖ የአበባ ቅጠል በቅጠል እየተተከለበት ሥዕል ይሠራል። ይህም የምስጋና ሥራ ነው፤ አበባው በጥቂት ቀን ይጠወልጋል፥ ሰዎቹ ግን በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ይጀምሩታል። በ1985 በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቸነፈሩን ታሪክ የሚያሳይ ባለ ቀለም የመስተዋት መስኮት ተተከለ፤ በ1994 ደግሞ የመንደሯ ሙዚየም ተከፈተ። ሞት በገባባቸው ቤቶች ደጃፍ ላይ የሟቾቹ ስም በሰሌዳ ተጽፎ ይነበባል፤ በእነዚያ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፥ በመስኮቶቻቸውም አበባ ይታያል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሁሉ በየቤቱ በዘጋ ጊዜ፥ የዚች ትንሽ መንደር ስም በብዙ አገር ጋዜጦች እንደ ገና ተነሣ። ዓለሙ ሁሉ በዚያን ወራት የተጠየቀው ኢም የተጠየቀችውን ነበርና።

ቅርስ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ያማረ ሕንፃ፥ የወርቅ ዘውድ፥ የብራና መጽሐፍ ነው። እነዚህ ሁሉ ክቡራን ናቸው። ነገር ግን ሰዎች ለጎረቤታቸው ሲሉ የጠበቁት ቃልም ቅርስ ነው፤ የሚጠበቀውም ልክ እንደ ሌላው ቅርስ በሚያስታውስ ሰው ነው። አባትና እናት በቤታቸው ለልጆቻቸው የሚነግሩት ነገር ከዚህ ዓይነት ይሁን፤ ይኸውም ከቂም ይልቅ ምክርን የመረጡ ሁለት ቄሶች እንደ ነበሩ፥ ሰባት ሬሳ ለብቻዋ የቀበረች አንዲት እናት እንደ ነበረች፥ በጎረቤትም አገር በዚያን ጊዜ ሰላም ተኝተው ያደሩ ብዙ ሺህ ሰዎች የማን ባለ ዕዳ መሆናቸውን ሳያውቁ እንደ ቀሩ።

የወሰኑ ድንጋይ ዛሬም በመንገዱ ዳር ከሣሩ መካከል ተቀምጧል። የሚያግደው ሰው የለም፤ መንገደኛ ሁሉ በጎኑ ያልፋል። ከስድስቱ ጉድጓዶች ኮምጣጤው ከደረቀ ዘመን አልፏል፤ ጠርዛቸው የለሰለሰው ከዚያ ወዲህ በየትውልዱ የመጡ ሕፃናት ጣታቸውን እያስገቡ ስለ ዳሰሷቸው ነው ይላሉ።